እርጥብ ጨው

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የፋብሪካው ልጆች ግቢው ውስጥ ዳስ ጥለው፣ በግ አርደው ሸኙኝ። ኮምቦልቻ ነው፤ የመጨረሻ ዓመታቴን ያሳለፍኩበት ዱቄት ፋብሪካ። ምሳው ካለቀ በኋላ አንዱ ተነሥቶ «እስቲ ጋሽ ሰይድ ስለ ሥራ ዘመንዎ ጥቂት ያጫውቱን» አለ። ቆምኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «አላህ ይስጥልኝ፣ ደኅና ሁኑ» ብዬ ተቀመጥኩ። ዓይን አፋር መሰልኳቸውና ሳቅ ብለው አጨበጨቡልኝ። ዓይን አፋር እንኳን አይደለሁም። የሥራ ዘመኔ ሲባል ፊቴ ድቅን የሚለው ኮምቦልቻ ሳይሆን አስመራ ስለሆነ ነው። አስመራን ደግሞ በግ እየበሉ የሚያወሯት ሆና አልታየችኝም። በጽሑፍ ይሻላል።

ሥራዬ ከሰው ትከሻ ላይ ያለውን ሸክም ብረት ላይ ማድረግ ነበር። ስንዴ፣ ጨው፣ ሲሚንቶ፣ የጥጥ ፍሬ፣ በኩንታል ተጭኖ ሳይሆን እንደ ልቡ ፈስሶ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እንዲሄድ የሚያደርጉ ማሽኖች እንሠራ ነበር። አንዳንዱ ማሽን ረጅም የጎማ ቀበቶ ነው፤ አንዳንዱ ባልዲ የተደረደረበት ሰንሰለት፤ አንዳንዱ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት። የማያውቅ ሰው ሲያየው ቀላል ይመስለዋል። እቃ ከላይ ወደ ታች መውደቁ ምን ያስገርማል? እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

አስመራ የገባሁት ከአጎቴ ጋር ነው። አጎቴ ከደሴ ጋቢና ኩታ እያመጣ ይሸጥ ነበርና ረዳቱ አደረገኝ። ንግዱ አልቀናውም፤ እሱ ወደ አገሩ ሲመለስ እኔ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ዛሬም በደንብ አላውቀውም። ከተማይቱ ስለ ጣመችኝ ይሆናል፤ መንገዱ ጽዱ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ። ገዛ ባንዳ በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁና ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ማዶ ካለ አንድ ኦፊቺና፣ የብረት ሥራ ቤት፣ በር ላይ ላሜራ የሚያወርድ ሰው ሲፈልጉ ደረስኩ። የብረት ዝርግ በትከሻዬ ተሸክሜ የገባሁበት በር ነው። ደመወዙ ላንድ ላጤ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

የድርጅቱን ታሪክ ከሰው አፍ ነው የሰማሁት። ያቋቋመው በጣሊያን ጊዜ የመጣ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ሲሆን፣ መጀመሪያ ለወፍጮ ቤቶች ዱቄት የሚገፋ ጠመዝማዛ ይሠራ ነበር ይባላል። እንግሊዝ ሲገባና የብዙ ሰው ማሽን እየተነቀለ ሲሸጥ፣ ሽማግሌው ትልቁን ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽኑን፣ ጭድ ውስጥ ቀብሮ፣ ከላዩ ላይ በቅሎ አስሮ አዳነው። እኔ ስደርስ አባትየው ሞቶ ልጁ ሲኞር ጉስታቮ ነበር ጌታው። አስመራ የተወለደ፣ ትግርኛን እንደ አገሬው የሚናገር፣ ሲናደድ ብቻ ወደ ጣሊያንኛ የሚሸሽ ሰው። በንጉሡ ጊዜ ሥራው ደራ። ከተሰነይ እስከ ምጽዋ ማሽናችን ያልቆመበት ቦታ ጥቂት ነው። ኋላ መንገዱ ሁሉ ሥጋት ሲሆን፣ ገጠር ሄዶ ማሽን መትከል በሕይወት መወራረድ ሲሆን፣ ትእዛዙ ቀነሰ። ሲኞር ጉስታቮ ያን ቶርኖ ሳይቀር ሸጦ ወደ ማያውቀው የአባቱ አገር ሄደ። እኔም ወደ ደቡብ፣ ወደ ወገኖቼ ተመለስኩ። የድርጅቱ መጨረሻ ይኸው ነው። እኔ ልጽፍ የተነሣሁት ግን ስለ አንድ ማሽንና ስለ አንድ ሰው ነው።

ሰውየው አያ ተስፋማርያም ይባላሉ። ትግርኛ ተናጋሪ ታላቁን ሲያከብር «ኣያ» ይላል፤ ኦፊቺናው ውስጥ ሁሉም፣ ሲኞር ጉስታቮም ጭምር፣ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። ካፖ ነበሩ፤ የሠራተኛው አለቃ፤ ንድፍ አውጪውም እሳቸው ናቸው። በጣሊያን ጊዜ ለአገሬው ልጅ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ይቆም ስለነበር ከዚያ በላይ አልተማሩም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ናቸው። እጃቸው ላይ የጎደለ ጣት አለ፤ እንዴት እንደጎደለ ግን ማንም አይጠይቃቸውም።

ላሜራ መሸከም ከጀመርኩ ሰንብቼ አንድ ቀን ጠሩኝና አንድ ከረጢት ስንዴ አሳዩኝ። መሬት ላይ ጥቁር ላሜራ ተነጥፏል።

«አፍስሰው» አሉኝ። «ቀስ ብለህ። አንድ ቦታ ላይ።»

አፈሰስኩ። ስንዴው ክምር ሠራ። ቁጢጥ ብለው አዩት፤ እኔም ከጎናቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ምን ታያለህ?»

«ስንዴ» አልኩ።

አልሳቁብኝም። በመዳፋቸው የክምሩን ጎን ዳሰስ አደረጉና «ቁልቁለቱን እይ» አሉኝ። «ስንዴ ከዚህ በላይ ሾጣጣ ሆኖ አይቆምም፤ ይንሸራተታል። የምንሠራው የጎተራ ግድግዳ ከዚህ ቁልቁለት በላይ ካልቆመ ስንዴው ተኝቶ ይቀራል። ማሽኑን የሚነድፈው እቃው ነው። እኔ ጸሐፊው ነኝ።»

ልማዳቸው ይህ ነበር። ማንም ማሽን ሲያዝ አስቀድመው የእቃውን ከረጢት ያስመጣሉ። ያፈሱታል፣ ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ይቀምሱታል። ሲሚንቶ እንኳ ምላሳቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሲተፉ አይቻለሁ። ከረጢቱ ጠረጴዛቸው ሥር ይሰነብታል፤ ሲያልፉ ሲያገድሙ እጃቸውን ይከቱበታል።

ሁለተኛው ልማዳቸው ትዕግሥት ነው። የጎማው ቀበቶ፣ እኛ ናስትሮ የምንለው፣ ሲሽከረከር ወደ አንድ ጎን የመሸሽ ጠባይ አለው። ጀማሪ ሰው ያንን ሲያይ ይደነግጥና መዘውሩን የያዘውን ቡሎን ጠበቅ፣ ላላ፣ ጠበቅ ያደርጋል፤ ቀበቶው እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ ይዋዥቃል። እሳቸው ቡሎኑን በጣም ጥቂት ነክተው እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ። «አንድ ቡሎን፣ አንድ ሲጋራ» ይላሉ። ራሳቸው አያጨሱም። ሌላው ሠራተኛ ሲጋራውን ለኩሶ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ቀበቶው የት እንደደረሰ ያያሉ። እንደገና ጥቂት ይነካሉ። በመጨረሻ ቀበቶው መኻሉን ይዞ ጸጥ ብሎ ሲሄድ መዳፋቸውን የማሽኑ አካል ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። መዘውሩ የሚዞርበት ኩሽኔታ ደኅና መሆኑን በመዳፋቸው ነበር የሚሰሙት።

የተቆረጠ ቀበቶ መቀጠልም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጎማው በውስጡ ድርብ ድርብ ሸራ አለው። ሸራውን በቢላዋ እያነሡ እንደ ደረጃ ማውረድ፣ የሌላውንም ጫፍ እንዲሁ ማውረድ፣ በሽቦ ብሩሽ መፋቅ፣ ሙጫ ቀብቶ አየር እስኪነካው መታገሥ፣ ከዚያ ደረጃን በደረጃ ላይ አጋጥሞ በጋለ ብረት መጫን። ቢላዋው አንዲት ሸራ አልፎ ከገባ መገጣጠሚያው አንድ ቀን እዚያ ላይ ይበጠሳል። ሳበላሽ አይቆጡም፤ ያበላሸሁትን ቆርጠው ጥለው «እንደገና» ይላሉ። ብዙ ጎማ አስጥያቸዋለሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን መገጣጠሚያዬን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው፣ ምንም ሳይሉ ወደ ሌላ ሥራ አለፉ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም።

የምነግረው ሰው ግን አልነበረኝም።

ይህን ማለት ስላለብኝ እላለሁ። ፌደሬሽኑ ቀርቶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ወዲህ አማርኛ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሆነ። የበር ጽሑፍ ተቀየረ፣ ትምህርት ቤቱ ተቀየረ፣ ፍርድ ቤቱ ተቀየረ። ኦፊቺናው ውስጥ ብረቱ ሁሉ የሚጠራው በጣሊያንኛ ነው፤ ሰው የሚነጋገረው በትግርኛ። አማርኛ የእኔ ብቻ ነበር። ትግርኛን ቶሎ ለመድኩት፤ አነጋገሬ ግን ይለያል። ለምሳ ዕረፍት ልጆቹ ከቶርኖው አጠገብ ክብ ሠርተው ሲያወሩ ስጠጋ ወሬው ይቆማል። ከዚያ አንዱ «ሎሚስ ቁሪ ኣሎ» ይላል፤ ዛሬ ይበርዳል ማለቱ ነው። ሁሉም ስለ ብርዱ ያወራል። ክፉዎች አልነበሩም። ሲበሉ ያካፍሉኛል፣ ስታመም ይጠይቁኛል። ግን እኔ ባለሁበት ስለ ብርድ ብቻ ነው የሚወራው። እኔ ከወሎ የመጣሁ የሸማ ነጋዴ ረዳት ነኝ፤ ማንንም አልገዛሁም። ይህን ለማን ልናገር? በምን አፍ?

ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የአገሬ ልጆች ወደሚሰበሰቡበት ሻሂ ቤት ጎራ እል ነበር። እነሱ ስለ ንግዳቸው ያወራሉ፤ እኔ ስለ ናስትሮ ማውራት ስጀምር ይስቃሉ። «ሰይድ ብረት አገባ» ይሉኛል። አመሻሽ ላይ የከተማው ሰው ለብሶ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በትልቁ መንገድ ሲንሸራሸር እኔም ለብሼ እወጣለሁ። ብቻዬን ወጥቼ ብቻዬን እመለሳለሁ። ቤት የለኝም ነበር ለማለት አይደለም፤ ቤቴ ያ ኦፊቺና ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው ዘመዴ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ወሬ አይወዱም።

እንግዲህ ወደ ማሽኑ። ምጽዋ ያለ አንድ የጨው ማምረቻ ትልቅ ሥራ አዘዘን። ጨው ከተከመረበት ሜዳ በናስትሮ ይወጣና ከፍ ብሎ የቆመ ትራሞጃ ውስጥ ይወድቃል፤ ትራሞጃ ማለት አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ የሆነ የብረት ጎተራ ነው። ታች ያለው በር ሲከፈት ጨው ወደ ከረጢት ይወርዳል። አያ ተስፋማርያም እንደ ልማዳቸው የጨው ከረጢት አስመጡ። ጊዜው የምጽዋ ሐሩር ነው፤ ጨዉ ደረቅ፣ አንጸባራቂ፣ እንደ አሸዋ የሚንሸራተት። ግን ሞኝ አይደሉም። ምጽዋ የሚዘንበው አስመራ ሲደርቅ፣ በታኅሣሥና በጥር መሆኑን ያውቃሉ። ማምረቻው ደግሞ ዝናቡን እስክንጠብቅ አልታገሠም። ስለዚህ ባልዲ ውሃ አስመጡና ጨዉን በገዛ እጃቸው አረጠቡት፤ አፈሰሱት፤ ቁልቁለቱን አዩ። ከደረቁ ይልቅ ሾጣጣ ሆኖ ቆመ፤ ግድግዳውን በዚያ ልክ አቆሙት። ትራሞጃው ባለ አራት ማእዘን ሆነ፤ ላሜራ ለመቁረጥ የሚቀለው እሱ ነው። ቁመቱም እዚያ ከነበረው ዝቅተኛ ጣሪያ ሥር እንዲገባ አጠረ። ሄደን ተከልነው፤ ጨዉ እንደ ውሃ ወረደ። ባለቤቶቹ በግ አረዱልን።

ዝናቡ መጣ። ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። ሲኞር ጉስታቮ አንሥቶ ሰማ። ትራሞጃው ሰው በልቷል አለ።

አያ ተስፋማርያምና እኔ በሊቶሪናው ባቡር ወረድን። ባቡሩ ተራራውን እየዞረ ሲወርድ እሳቸው በመስኮት አላዩም፤ ጉልበታቸው ላይ ያረፈውን እጃቸውን ነበር የሚያዩት። ስንደርስ ነገሩን ሰማን። የዘነበበት ጨው ትራሞጃው ውስጥ አድሮ፣ ማእዘኑን ይዞ፣ ከላይ እንደ ድልድይ ጠጥሯል። ታች በሩ ተከፍቶ ምንም አይወርድም። ዑስማን የሚባል ሠራተኛ ብረት ይዞ ከላይ ገባና የጠጠረውን ጨው ረግጦ ይወጋ ጀመር። ድልድዩ ከሥሩ ተደረመሰ። ዑስማንን ይዞት ወረደ። ባልንጀሮቹ ላሜራውን ቀደው ሲያወጡት አልቆ ነበር።

አያ ተስፋማርያም መሰላሉን ወጥተው ማእዘኑ ላይ የቀረውን ጨው በጥፍራቸው ፈነቀሉ። ድንጋይ ሆኗል። ቀመሱት። ከዚያ ወርደው አጠገቤ ቆሙ።

«እኔ ውሃ አፈሰስኩበት» አሉ በትግርኛ። «ዝናብ ግን አፍስሶ አይሄድም። ጨዉን ያሟሟውና ይተወዋል፤ ሲደርቅ እርስ በርሱ ይያያዛል። አድሮ ማየት ነበረብኝ። አንድ ቀን ባሳድረው አየው ነበር።»

«ጣሪያው ነው፣ አያ፤ ጣሪያው ባያጥር ኖሮ —»

«ጣሪያ ይነሣል» አሉ። «ይነሣ አላልኩም።»

ዑስማንን ያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ቀበርነው። ሰፍ፣ የሰጋጆች ረድፍ፣ ውስጥ ገብቼ ሰገድኩበት፤ አፈር አለበስኩ። በግራና በቀኜ የቆሙት ሰዎች ትከሻቸውን ከትከሻዬ አጋጥመው፣ ማን ነህ፣ ከየት ነህ አላሉኝም። አስመራ ከገባሁ ጀምሮ ሰው እንደዚያ ተጠግቶኝ አያውቅም። ቀና ስል አያ ተስፋማርያም ከመቃብሩ አጥር ውጭ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ብቻቸውን ፀሐይ ላይ ቆመዋል። የዑስማን ወንድም ኢብራሂም አያቸውና «ያ ሰው ማን ነው?» አለኝ። «ትራሞጃውን የሠሩት ናቸው» አልኩት። ፀሐዩን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ «ጥላ ውስጥ ይግቡ በላቸው» አለ። ብነግራቸው አልገቡም።

በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራን። ሲኞር ጉስታቮም ከአስመራ ደረሰ። ምርመራው በአማርኛ ነው፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። በሩ ላይ ሲኞር ጉስታቮ ክንዴን ያዘኝ።

«ሰይድ፣ ሠራተኛው ሳይታዘዝ ነው የገባው። እውነት ነው፣ ማንም ግባ አላለውም። እሱን በደንብ አስረዳልኝ። ሽማግሌው የሚናገረውን... አማርኛው ያንተ ነው።»

አያ ተስፋማርያም ሰምተዋል። ወደ እኔ ዞረው «ኣይትወስኽ፣ ኣይተጉድል» አሉኝ። አትጨምር፣ አታጉድል።

መርማሪው ከመሀል አገር የመጣ ወጣት መኮንን ነበር። ላቡን በመሐረብ እየጠረገ «አንተ ነህ የሠራኸው?» አላቸው። እኔ «ንስኹም ዲኹም ሰሪሕኩሞ?» ብዬ፣ እርስዎ ብዬ አዞርኩላቸው። መኮንኑ አንተ ሲላቸው ሁሉ እኔ እርስዎ እያልኩ ቀጠልኩ። በዚያ ቀን የጨመርኩት ያንን ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ግድግዳውን ያጋደልኩት እኔ ነኝ። ማእዘን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የዝናቡን ጨው ሳላሳድር፣ ባልዲ ውሃ አፍስሼ አየሁት አልኩ። ሰው ከላይ እንዳይገባ መከልከያ ብረት ማድረግ ነበረብኝ፤ አላደረግሁም። ልጁ የገባው ማሽኔ አልሠራ ስላለው ነው።»

ቃል በቃል ተናገርኩ። ስጨርስ መኮንኑ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ስማ» አለኝ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተ የኛ ሰው ነህ፣ አይደል? ከየት ነህ?»

«ከወሎ።»

«እኚህ ሽማግሌ የሚሉት ምን እንደሚያመጣባቸው ገብቷቸዋል? እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ ይታሰራሉ። ለዘብ አድርገህ ድገመው፤ እኔም ለዘብ አድርጌ እጽፋለሁ። እሳቸው አያውቁት፣ ማን ያውቃል?»

ክፉ ሰው አልነበረም። ከ«አንተ» ወደ «እሳቸው» መመለሱን ልብ አልኩ። ሁለት አማርኛ የምናውቅ ሰዎች ቁጭ ብለን የሳቸውን ዕጣ መቀየር እንችል ነበር። አያ ተስፋማርያምን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አልነቀሉም። መኮንኑ ያለኝን ሁሉ በትግርኛ ነገርኳቸው።

«አመስግንልኝ» አሉ። «ከዚያ የመጀመሪያውን ድገምለት።»

ደገምኩለት። ጻፈ። በትግርኛ አንብቤላቸው ፈረሙ።

ጥቂት ወራት ታሰሩ። የዑስማን ዘመዶች በሽማግሌ ይቅር ስላሉ ነው የቀለለው። ኢብራሂም ራሱ ዳኛው ፊት ቀርቦ «አልካዱም» ብሎ መሰከረላቸው። ይህ ሁሉ ግን አስመራ ሲደርስ ሌላ ሆነ። ኦፊቺና ስገባ ልጆቹ ስለ ብርዱ እንኳ ማውራት ተዉ። አንዱ በያጅ፣ ከማንም ይልቅ ይቀርበኝ የነበረው፣ መነጽሩን ሳያወልቅ «ሸይጥካዮም» አለኝ። ሸጥካቸው። እንደዚያ አይደለም ብዬ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳሁት። አዳመጠኝ። ሳበቃ «አማርኛ እኔ አልሰማ፤ ምን እንዳልክ በምን አውቃለሁ?» አለ። እውነቱን ነው፣ አልሰማም።

አያ ተስፋማርያም ሲፈቱ ወደ ሥራ አልተመለሱም። ካፖነቱን ሲኞር ጉስታቮ ለእኔ ሰጠኝ፤ ይህ ደግሞ በልጆቹ ዓይን ሽያጩን ያረጋገጠ ሆነ። ያዘዝኩትን ይሠራሉ፣ አንድም ቀን አላመፁብኝም። «እሺ» ከማለት በቀር ግን አይናገሩም። መገጣጠሚያ ዳስሼ ደኅና ሆኖ ሳገኘው እኔም ዝም ብዬ አልፋለሁ፤ የእኔ ዝምታ ግን እንደ እሳቸው አልነበረም። ማንም በሱ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ አልሄደም።

አዲሱን ትራሞጃ የሠራሁት እንዲህ ሆኜ ነው። የጨው ከረጢቱን ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ ዘርግቼ፣ የአስመራን ክረምት አዘነብኩበት፤ አሳደርኩት፣ አደረቅሁት፣ ደግሜ አዘነብኩበት። ላሜራውን ጠቅልዬ ክብ አደረግሁት። ግድግዳውን በጣም አቆምኩት፤ ጣሪያውን አስነሣሁ። ከላይ አፉ ላይ ሰው የማያሾልክ የብረት ፍርግርግ በየድኩ። ተክለን ስንጨርስ ልጆቹ ተመለሱ፤ እኔ ግን ዝናቡን ልጠብቅ ብዬ ምጽዋ ቀረሁ። ዝናቡ ሲመጣ ጨዉ አደረበት፣ ጠጠረ። ባዳ ሠራተኞች ቆመው እያዩኝ በሩን ከፈትኩ። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ውስጡ ጉርምርም አለና ጨዉ ጓል ጓል ሆኖ ወረደ፤ ፈጽሞ ባዶ እስኪሆን ወረደ። መዳፌን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። ሠራተኞቹ እልል አሉ። ከእነሱ ጋር ደስ ልሰኝ ብሞክር አልሆነልኝም፤ መንገር የምፈልገው ሰው እዚያ አልነበረም።

አስመራ እንደገባሁ፣ በእሑድ ቀን፣ ወደ አያ ተስፋማርያም ሰፈር፣ ወደ ቃሓውታ ሄድኩ። ቤታቸውን ከዚያ በፊት አላውቀውም፤ ጠይቄ ነው ያገኘሁት። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ኣብርሀት ናቸው። ማንነቴን ስነግራቸው በሩን ይዘው ቆሙ። «እዚህ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ። ከውስጥ የአያ ተስፋማርያም ድምፅ «ተይው፣ ይግባ» አለ።

ጓሮ ተቀምጠው የሰፈሩን የላምባ ምድጃ ይጠግኑ ነበር። ጠጉራቸው ነጭ ሆኗል። ወይዘሮ ኣብርሀት ሻሂ አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡና ሳያዩኝ ሄዱ።

«ዝናቡን ጠበቅኸው?» አሉኝ አያ ተስፋማርያም። ስለ አዲሱ ትራሞጃ ወሬው ደርሷቸው ኖሯል።

«ጠበቅኩት።»

«አሳደርከው?»

«አሳደርኩት። ጠጥሮ አየሁት።»

«ወረደ?»

«ወረደ።»

«ማእዘኑስ?»

«ማእዘን የለውም፣ አያ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማእዘን የለውም» አሉ ለራሳቸው። ምድጃውን ወደ ጎን አድርገው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ሻሂዬ ሲያልቅ እንዲህ አሉኝ፦

«ሰይድ፣ ከዛሬ በኋላ እዚህ ቤት አትምጣ።»

ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። «እርስዎም ሸጠኸኛል ይሉኛል?»

«ምን ትላለህ? እኔ ፊትህን እያየሁ አልነበረም?» ቆጣ አሉ፤ ሲቆጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ ወደ በረሃ ወጥቷል፤ ከታጋዮቹ ዘንድ ነው። ሰፈሩ ያውቃል። አንተ ስትመጣ ሰፈሩ አንድ ነገር ይላል፤ አንተን እዚህ ያየ ፖሊስ ደግሞ ሌላ ነገር ይላል። ላንተም ለእኔም አይበጅም። በመምጣትህ ግን ደግ አደረግህ።»

ተነሣሁ። በሩ ላይ የሚሰናበቱኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው አብረውኝ ወጡ። «አያ፣ ይቅርብዎ፣ ሰው ያያል» አልኳቸው። እሑድ ነውና ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ስናልፍ ጸጥ ይላል። እሳቸው በየደጃፉ እየቆሙ፣ ባርኔጣቸውን እያነሡ፣ ጤና ይስጥልኝ እያሉ፣ ሳይቸኩሉ ከጎኔ ሄዱ። አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ አደረሱኝ።

አውቶቡሱ ጢም ብሎ መጣ። ስወጣ እሳቸው በሩን ይዘው ለትኬት ቆራጩ፣ አውቶቡሱ ሙሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «ወደይ እዩ። ቦታ ሃብዎ» አሉት። ልጄ ነው፣ ቦታ ስጡት።

ሰዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። በመስኮት ሳይ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከትተው ቆመዋል። አውቶቡሱ ሲነሣ ዞረው ወደ ቤታቸው አቀኑ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። እንዳሉኝ አደረግሁ፤ አልሄድኩም።

መንገዱን ሁሉ ያነጋገረኝ አልነበረም። መሀል ከተማ ስንደርስ ከጎኔ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት ለመውረድ ተነሡና ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«ኣቦኻ ድዮም?» አሉኝ። አባትህ ናቸው?

«እወ» አልኳቸው።